ሰባተኛው ጥራዝ

የወሩ ግምገማ የተጠራው እሁድ ከምሳ በኋላ በሚጡ አልጋ ዙሪያ ነው። ሌላ ቦታ እንዳይጠራ ሚጡ ከአልጋ አትወርድም። «ግምገማ» ያለው ባሏ ሹፌሩ ነው፤ እሱ ማንኛውንም ነገር በመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ካልጠራው የሚሠራ አይመስለውም። እማማ ቃሉን አልወደዱትም። የሚገመግም ሰው ይጠይቃል፣ የጠየቀ ሰው መልስ ይፈልጋል፣ እማማ ዘንድ ያለው መልስ ደግሞ ለዚች ልጅ የሚነገር አልነበረም።

ወንበሮቹን ራሳቸው ከሳሎን እየጎተቱ አመጡ። ትራሱን ከሚጡ ጀርባ ከፍ አደረጉት፤ በዛ ብለው ዝቅ አደረጉት፤ አነሰ ብለው እንደገና ሊያነሡት ሲሉ ልጅቱ እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ በቃ! ትራሱን አዞርሽው እኮ።»

«አልበረደሽም?»

«አልበረደኝም።»

«መስኮቱን ልዝጋልሽ?»

«ቅድም ዘግተሽዋል!»

እማማ ዞር ብለው አዩ። እውነትም ተዘግቷል። ታዲያ ይህ ነፋስ ከየት ነው የሚገባው? ለማንኛውም ብርድ ልብሱን እስከ ልጅቱ አገጭ ሳቡት። ሚጡ መልሳ ገፈፈችው።

«እንግዲህ ሁላችንም ተገኝተናል» አለ ሹፌሩ፣ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ። «የዓመቱ ዕቅዳችን ሃያ መጽሐፍ ነው። በመጀመሪያው ወር ያነበብነው...» ወደ ሚስቱ ዞረ። «ስንት ነው ያነበብነው?»

«ምንም» አለች ሚጡ።

«ኧረ አንድማ አንብበናል!»

«መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ እንደ አንድ አይቆጠርም።» ይህን ስትል ዓይኗን ከባሏ ላይ አልነቀለችም። ሹፌሩ አንገቱን ሰበረ። እማማ ጣራውን ማየት ጀመሩ።

ነገሩ የመጣው ከሐኪሙ ነው። ሚጡ አርግዛ ጥቂት ወር እንደሄደች ደም ታያት፤ ሐኪሙም እስክትወልድ ከአልጋ እንዳትነሣ አዘዘ። እሷን ተኝተሽ ዋይ ማለት ነፋስን ቁጭ በል እንደማለት ነው። ሳምንት ሳይሞላት ለጣራው ስንጥቅ ሁሉ ስም አወጣችለት። ከዚያ ነው «ዓመቱ እስኪያልቅ ሃያ መጽሐፍ አነባለሁ፤ እናንተም አብራችሁኝ ታነባላችሁ፤ ወሩ ባለቀ ቁጥር ቁጭ ብለን እናወራበታለን» ብላ የተነሣችው። ብቻዋን ማንበብ አይሆንላትም፤ ከልጅነቷም ያየችውን ሁሉ ለሰው ካልተናገረች የሚያንቃት ናት።

መጽሐፉን ያዋሰቻቸው ከሕንፃው ሥር መድኃኒት ቤት ያላት ጎረቤታቸው ናት። በር ቢያስደግፉበት በር የሚይዝ ወፍራም ነገር። «ስለ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ በጣም ደስ ይላል» ብላ ነው የሰጠቻቸው። እማማ ይህን «ደስ ይላል» ያለችውን ሴት እስከ ዛሬ አልማሯትም። መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ለነፍሰ ጡር የሚሆነውንና የማይሆነውን አያውቅም?

መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው አራት ሆነ። ለዚህ መላ የመቱት አባባ ናቸው። አባባ፣ የእማማ ባል፣ ጡረታ እስኪወጡ በማተሚያ ቤት መጽሐፍ ሲጠርዙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ እጃቸው አልወጣም። መጽሐፉን ገልበጥ አድርገው ጀርባውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ሽፋኑን በቢላ ጫፍ አላቀቁት፤ ክሩን በጣጥሰው ሆድ ዕቃውን ሰባት ቦታ ለያዩት። እያንዳንዱን ለብቻው ሰፍተው፣ ወረቀት አልብሰው፣ ቁጥር ጻፉበት።

«የሰው መጽሐፍ!» ብለው ጮኹ እማማ።

«አንቺ ደግሞ! ወሩ ሲያልቅ ከነበረበት አሳምሬ እጠርዘዋለሁ። ባለቤቷ ራሷ አትለየውም።»

«ብትለየውስ?»

«አትለየውም አልኩሽ!»

ባለ መድኃኒት ቤቷ እስካሁን አላወቀችም። ደረጃ ላይ ባገኘቻቸው ቁጥር ግን «እማማ፣ መጽሐፌ እንዴት ነው?» ትላለች፣ የታመመ ዘመድ እንደምትጠይቅ። እማማም «ደኅና ነው፣ ደኅና ነው» ይላሉ፣ ጉልበታቸውን ረስተው ቁልቁል እየሮጡ።

እማማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ማንበብ አያቅታቸውም፤ የሚያቅታቸው መጠበቅ ነው። ሚጡን ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው፣ የሚጡ እናት፣ ሚጡን ወልዳ ያንኑ ዕለት አረፈች። በዚህ ቤት ስለ እሷ ብዙ ይወራል፤ ስለ ጥርሷ፣ ስለ ቁጣዋ፣ ደረጃ ስትወጣ ስለምታንጎራጉረው ዘፈን። ስለዚያ ቀን ግን ማንም አፉን አይከፍትም። ሚጡ እንደምታውቅ ሁሉም ያውቃል፤ አንድም ጊዜ አልተነጋገሩበትም። እንግዲህ ይህችው ልጅ አርግዛ ከተኛች ወዲህ ወደ መኝታ ቤቷ የሚገባው ነገር ሁሉ በእማማ እጅ ያልፋል። ሾርባው ይቀመሳል፣ አንሶላው ይሸተታል፣ ጠያቂው ሁሉ ጉንፋን እንዳለበት በር ላይ ይመረመራል። መጽሐፍስ ለምን ይቀራል?

«መጀመሪያ እኔ ልየው» አሉና ሰባተኛውን ጥራዝ አነሡ። መጨረሻው ደኅና ከሆነ መሀሉ የፈለገውን ቢሆን ምን ቸገራቸው።

ምድጃው ላይ ወተት ጥደው፣ እንደቆሙ አነበቡት። ዳቦ ጋጋሪዋ እርጉዝ ናት። ምጥ ያዛት። እማማ ገጽ ገለጡ፤ ሌላ ገጽ ገለጡ፤ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ እሰይ አሉ። በሚቀጥለው ገጽ እናቲቱ ሞተች። ወተቱ ገነፈለ። እማማ ጥራዙን ከደኑት፤ ከዚያ ወዲያ አንድ መስመር አላነበቡም። ምድጃውን የጠረጉትም ወተቱ ከደረቀ በኋላ፣ በቢላ እየፋቁ ነው።

ጥራዙን ከልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ጨርቅ ሥር ሸጎጡት። ያን ወር በዚያ ቤት ልብስ አልተተኮሰም።

አንድ ሁለት ጥራዝ ስታነብ ይሰለቻታል ብለው ነበር። ከየት መጥቶ! ልጅቱ ስድስቱን ወሩ ሳይጋመስ ጨረሰቻቸው። አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን በትራሷ ሥር ትይዛለች፤ ስትጨርስ ደግሞ በቀጥታ ለአባባ ታቀብላለች፤ እማማ ከመጀመሪያው ጥቂት ገጽና ከመጨረሻው ያችን ክፉ ገጽ እንጂ መሀሉን አያውቁትም። ከዚያ «ሰባተኛውስ?» የሚለው መጣ። «አባባ ጋ ነው» አሉ። አባባ የለኝም አሉ። «ከሶፋው ጀርባ ወድቆ ይሆናል» አሉ። ሶፋው ተነሣ። በመጨረሻ ጭንቅ ሲላቸው «ባልሽ ወስዶት አውቶቡሱ ውስጥ ሳይረሳው አልቀረም» አሉ።

ይህ ውሸት እንዲህ ይይዛል ብለው አልጠበቁም። ሹፌሩ ከሰባቱ ጥራዝ አንዱንም ገልጦ አላየም ነበር፤ ለሚስቱ ግን ከሥራ ሲመለስ «ዛሬ ደግሞ እንዴት ያለ ልብ የሚነካ ቦታ ደረስኩ መሰለሽ» ይላት ነበር። አልወሰድኩም ቢል «ታዲያ ምኑን ስታነብ ከረምክ?» መምጣቱ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ዋጠው። ምስኪኑ የአውቶቡሱን ወንበር ሁሉ እያነሣ ፈለገ። አንድ እግር የሕፃን ጫማና ሰው ሠራሽ ጥርስ አገኘ፤ ጥራዝ ግን የለም። አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ ግን እውነት ሰጥተውኝ ነበር?»

«ሰጥቼህ ነበር» አሉ እማማ፣ ሽንኩርት እየከተፉ። እንባቸው ምክንያት አላጣም።

«እንግዲያው እባክዎ መጨረሻውን በአጭሩ ይንገሩኝ። ስትጠይቀኝ የምላት አጣሁ።»

እማማ አዘኑለት። ደግሞም በዚያው መንገዱ የተከፈተላቸው መሰላቸው፤ ልጅቱ መጨረሻውን ከባሏ አፍ ሰምታ ትረፍ። ቢላውን አስቀምጠው የራሳቸውን መጨረሻ ሠሩ። ዳቦ ጋጋሪዋ በሰላም ተገላገለች። ወንድሟ ልብስ ሰፊው በጋሪ መጥቶ እናትና ልጁን ወደ ቤቱ ወሰዳቸው፤ ለሕፃኑም ባለ ስድስት አዝራር ካፖርት ሰፋለት። አዝራሮቹ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውም አመኑበት።

አሁን በግምገማው ተራው መጀመሪያ የደረሰው ለአባባ ነበር።

«እኔ በዚህ ወር የታዘብኩት» አሉ አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ሙጫው ጥራት የለውም። ስፌቱም ልል ነው። እኛ በነበርንበት ዘመን እንዲህ ያለ ሥራ ከበር አይወጣም ነበር።»

«ስለ ታሪኩ፣ አባባ!»

«ታሪኩም ደኅና ሲሄድ ሲሄድ ቆየና ተቋረጠ። ነገ ለሴትዮዋ መመለስ አለብኝ፤ ክሩን አዘጋጅቻለሁ፣ ሙጫውን አዘጋጅቻለሁ፣ ሰባተኛው የለም። ምን ብዬ ልስጣት?»

«በል እንግዲህ» አለች ሚጡ ለባሏ። «ጣልከው፤ እሺ። ግን አንብበህ ነው የጣልከው። መጨረሻው ምንድን ነው? በኋላ እነግርሻለሁ፣ በኋላ እነግርሻለሁ ስትለኝ ወሩ አለቀ።»

ሹፌሩ እማማን አየ። እማማ በዓይናቸው በል አሉት።

«በጣም ልብ ይነካል» አለ ሹፌሩ። «በሰላም ወለደች። ከዚያ ልብስ ሰፊው መጣ...»

«ማን መጣ?»

«ልብስ ሰፊው። በጋሪ። እኔማ እዚያ ጋ ስደርስ አላስችል ብሎኝ አልቅሻለሁ።»

«የቱ ልብስ ሰፊ?»

«ወንድሟ ነዋ! ለልጁ ካፖርት ሰፋለት፣ ባለ ስድስት አዝራር።»

ሚጡ ቀጥ አለች። «ልብስ ሰፊው እኮ አራተኛው ጥራዝ ላይ ሞቷል።»

«ሞቷል እንዴ?» አሉ ሹፌሩና እማማ፣ እኩል።

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። «ትኩሳት ነው የገደለው። ስንት ገጽ ሙሉ ሲያጣጥር ከርሞ! እዚያ ያልደረሰ ሰው መጨረሻውን ከየት አመጣው?»

ሹፌሩን ላብ አጠመቀው። «እኔ ምን ላድርግ፣ እማማ ናቸው የነገሩኝ።»

«አንተ ወሬኛ!»

«ኧረ እማማ! የሞተ ሰው ጋሪ ላይ የጫኑት እርስዎ፣ ወሬኛው እኔ?»

አባባ ሳቃቸውን ለመያዝ ሳሉ። ሚጡ ግን አልሳቀችም።

«እማማ፣ ጥራዙ የት ነው ያለው?»

«የቱ?»

«እማማ።»

«እኔ ምን አውቄ! አንዱ የሰው መጽሐፍ ይዘነጥላል፣ አንዱ ሳያነብ አነበብኩ ይላል፣ ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ! በዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ሰው የለም? ደግሞ ሾርባሽን አልጨረስሽም፤ አይቼዋለሁ። ለዚያች ሴትም ያለውን ይመልስላት፤ ይህን ጦስ ያመጣችብን እሷ አይደለችም?»

ከአፋቸው እንዳመለጣቸው ያወቁት ሦስቱም ዞረው ሲያዩዋቸው ነው።

«ምን ጦስ?» አለች ሚጡ።

እማማ ሳያስቡት በተከፈተው በር በኩል፣ ኮሪደሩ ላይ ወደ ቆመው የመተኮሻ ጠረጴዛ ዓይናቸውን ወረወሩ። ቶሎ መለሱት፤ ግን ሹፌሩ ከኋላው የተቀመጠውን ሰው ዓይን በመስተዋት መከተል የለመደ ነው። ተነሥቶ ወጣ፤ ጨርቁን ገለጠ።

«ለካ!» ብሎ ጮኸ። «ለካ ለዚህ ነው ወር ሙሉ ተጨማድጄ ሥራ የገባሁት! አለቃዬ እኮ ሚስትህ ጥላህ ሄደች ወይ ብሎ ጠየቀኝ!»

ጥራዙን ይዞ ሲመለስ እማማ በር ላይ ቀሙትና ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

«አምጪው» አለች ሚጡ እጇን ዘርግታ።

«አልሰጥም። ስትወልጂ ታነቢዋለሽ። ያኔ ከፈለግሽ በቃልሽ አጥኚው።»

«እማማ፣ ወር ሙሉ ተኝቼ ምን ስገምት እንደከረምኩ ታውቂያለሽ? መጽሐፉን ልየው ብለሽ በወሰድሽ ቀን ሾርባ ይዘሽ ስትገቢ ፊትሽን አይቼዋለሁ። ሆዴን ዳሰስሽና ምንም ሳትይ ወጣሽ። ልጁ ይሞታል ብዬ ነው የያዝኩት። ጠዋት ስነቃ የማስበው እሱን ነው። በምን ሞተ፣ ስንት ቀን ኖረ፣ አለቀሰ ወይስ ሳያለቅስ...»

«ልጁማ ይኖራል!» ብለው ጮኹ እማማ። «ልጁ ሞተ ያለሽ ማነው? እናቲቱ ናት እንጂ የም...»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ዘግይተው። ሹፌሩ የሚስቱን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ያዘ። አባባ ያወለቁትን መነጽር ይጠርጉ ጀመር።

«ልጁ ይኖራል?» አለች ሚጡ ቀስ ብላ።

እማማ አዎን ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እናትየዋ እሱን ስትወልድ ነው የምትሞተው።»

እማማ ጥራዙን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት።

«እንደ እማዬ።»

እማማ ይህ ነገር የተነገረ ቀን ግድግዳው የሚናድ ይመስላቸው ነበር። አልተናደም። ታች መንገድ ላይ መኪና ጥሩንባውን ነፋ፤ የላይኛው ጎረቤት ቧንቧ ከፍቶ ዘጋ።

«አውቀዋለሁ እኮ፣ እማማ። ለሐኪሙ የነገርኩት ራሴ ነኝ፤ በዚያ ምክንያት ነው እንዲህ የሚጠነቀቅልኝ። እሱን ፍርሃት ለምጄዋለሁ፤ እችለዋለሁ። አንቺ ግን ሌላ፣ የሌለ ፍርሃት ፈጥረሽ ጨመርሽብኝ!»

«እንዳትፈሪ ብዬ እኮ ነው...»

«ፈራሁ! ወር ሙሉ ፈራሁ!»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ስጠይቅሽ አውቶቡስ ውስጥ ነው አልሽኝ!»

«እኔም የማላውቀው ሰው ጥርስ በእጄ ነካሁ» አለ ሹፌሩ። 

እማማ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ተናደው ነበር። በማን እንደተናደዱ ግን መያዣው ጠፋቸው፤ በመድኃኒት ቤቷ ሴት ይሁን፣ መጽሐፍ ዘንጥሎ ሁሉም እኩል ያንብብ ባለው ሽማግሌ ይሁን፣ በዳቦ ጋጋሪዋ ይሁን። ወር ሙሉ አንድ ሕፃን በዚህች ልጅ ልብ ውስጥ በየጠዋቱ ሲሞት፣ እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ዘብ ቆመው ነበር።

«እንግዲያው አንብቢልኝ» አለች ሚጡ።

«እኔ? ሞቼ ነው!»

«ስጪኝና እኔ ላንብብልሽ። አትነሺ፤ እዚሁ ተቀመጪ።»

ጥራዙ ከእጃቸው የወጣው ጣት በጣት ነው። ሚጡ ገለጠችና ድምጿን ከፍ አድርጋ ጀመረች። እማማ በየመስመሩ ገቡባት። ውኃ ጠጪ። ደክሞሻል። ቀስ ብለሽ አንብቢ። ኧረ ቶሎ ቶሎ በይና እንገላገል። አባባ «ሴትዮ፣ ዝም በይ!» አሉ። ምጡ መጣ፤ የሕፃኑ ለቅሶ መጣ።

«እዚህ ጋ ዝለይው» አሉ እማማ።

«አልዘልም።»

አነበበችው። እናቲቱ በሁለት መስመር ሞተች። የሚጡ ድምፅ አንዴ ወረደ፤ ቆመች፤ ውኃ ተጎነጨች፤ መስመሩን ከመጀመሪያው ደግማ አነበበችው። እማማ መጽሐፉን አላዩም። የልጅቱን ከንፈር፣ የልጅቱን አንገት፣ የልጅቱን ሆድ ነበር የሚያዩት። ሚጡ ገጹን ገለጠች።

«አለቀ አይደል?» አሉ እማማ።

«ኧረ ገና ነው። ይኸው፣ ይህን ያህል ይቀራል።» ቀሪውን በሁለት ጣቷ መካከል ይዛ አሳየቻቸው።

እማማ አፋቸውን ከፍተው አዩት። ያችን ገጽ መጨረሻ አድርገው ነው ወር ሙሉ ተሸክመዋት የዞሩት። ከእሷ ወዲያ ይህን ያህል ወረቀት አለ ብሎ ማን አሰበ!

ሚጡ ቀጠለች። ሕፃኑን የጎረቤት አሮጊት ወሰደችው። በዱቄት ጆንያ ጠቀለለችውና ከምድጃው አጠገብ አስተኛችው።

«በምን?»

«በዱቄት ጆንያ።»

«ምን ዓይነት ሴት ናት! ዱቄቱ ሳንባው ውስጥ ሊገባ አይደል?»

«እማማ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው።»

«ቢሆንስ! ቤቷ አንድ ንጹሕ ጨርቅ የለም? ደግሞ ምድጃ አጠገብ! ፍንጣሪ ቢወድቅበትስ? ይህን የጻፈው ሰውስ ልጅ ያሳደገ ሰው ትንሽ እንኳ አይጠይቅም?»

ሚጡ ሳቋ አመለጣት፤ ሆዷን ይዛ ተንፈቀፈቀች።

«አትሳቂ! ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«አንቺስ አታስቂኝ!» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ልቀጥል ወይስ ይብቃን?»

እማማ የገጹን ጥግ፣ ያቺ ሰነፍ አሮጊት እዚያው ተደብቃ እንደተቀመጠች ያህል በቁጣ አፈጠጡበት።

«ምን ይበቃናል! ሕፃኑን ከነጆንያው እዚያ ጥለሽው? አንብቢ እንጂ። ከዚያስ ምን አደረገችው?»